በልጄ መታሰቢያ ላይ በእንግድነት

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ደብረ ሲና ውስጥ ያገኘኝ የእድር ጓደኛ ሁሉ መንገድ ላይ እያቆመ «እህ፣ እንዴት ነበር?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ላስረዳ ብል ክረምቱ ይገባብኛል። ስለዚህ በደብተር ጽፌዋለሁ፤ ቤተ ዘመድና የእድር ሰው እየተዋሰ ያንብበው። ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ብቻ እንዳታደርሱብኝ። ለእሱ «እጅግ የደመቀ በዓል ነበር» ብዬ ሪፖርት አቅርቤያለሁ፣ እሱም ደስ ብሎት ፋይል አድርጎታል።

ደብተሩ እጁ ገብቶ ለማያውቀኝ ሰው፣ ወልደጻድቅ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከሳሹንም ተከሳሹንም ምስክሩንም «ስም? የአባት ስም? የአያት ስም?» እያልኩ ስመዘግብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። በዚህ ወረዳ አባቱን በእኔ እጅ ያላስጻፈ ሰው ጥቂት ነው። የገዛ ልጄ ግን በሌላ ሰው ስም ተጠርቶ ሞተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ይልማ ሰባት ዓመት ሲሞላው የባለቤቴ የአስካለ ወንድም ደጀኔ «አዲስ አበባ ወስጄ ላስተምረው» አለ። ደጀኔ ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ነው። ትምህርት ቤት ሊያስመዘግበው ሲሄድ አባት ይምጣ አሉት፤ እሱም እንዳይመላለስ ብሎ አባቱ እኔ ነኝ አለና የራሱን ስም አስጻፈ። እንዲህ ያለው በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። ከአጎቱ ቤት ሆኖ የተማረው ልጅ ስንቱ የአጎቱን ስም ይዞ ቀርቷል። በደብዳቤ ሲነግረኝ እኔም ስቄ «ለትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ ምን ቸገረኝ» ብዬ በፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ መለስኩለት። ልጁ ይልማ ደጀኔ ተብሎ ተማረ። ይልማ ደጀኔ ተብሎ አየር ኃይል ገባ። በምሥራቁ ጦርነት ጊዜም ይልማ ደጀኔ ተብሎ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ወጣና ሳይመለስ ቀረ። አብራሪ አልነበረም። ከአብራሪው ጋር ተቀምጦ ካርታ የሚያነብ፣ አቅጣጫ የሚነግር፣ ቦታው ሲደርስ ቦምቡን የሚለቅ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ሄደን የምናለቅስበት መቃብር የለንም።

ዘንድሮ ደጀኔ የሚኖርበት ቀበሌ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ለይልማ የእብነ በረድ መታሰቢያ እንደሚያቆም የሚገልጽ ደብዳቤ መጣልን። አድራሻው «ለሰማዕቱ የገጠር ዘመዶች» ይላል። ደብረ ሲና ማዘጋጃ ቤት፣ ፍርድ ቤትና ስልክ ያላት ከተማ መሆኗን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም መሰለኝ። አስካለ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ከቻለች ሁለት ዓመቷ ነው። ደብዳቤውን በጣቷ እየተከተለች ጨረሰችውና፣ «ድንጋዩ ላይ ያንተ ስም ከልጁ ስም ጎን ይግባ። ሌላ የማዝህ ነገር የለኝም» አለችኝ። እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት መሄድ አልቻለችም። እኔ አንድ ጆንያ ቆሎ አስቆልቼ ለዚህ ጉዳይ ተነሣሁ።

ረቡዕ

ለመነሣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የቀበሌያችን ጸሐፊ «የጉዞው ምክንያት» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ ምን እንደሚሞላ ሦስት ቀን አሰበ። «የልጄ መታሰቢያ» ብለው «ደብዳቤው ዘመድ ይላል እንጂ አባት አይልም» አለኝ። በመጨረሻ «ለአብዮታዊ ተግባር» ብሎ ሞላው። ስለዚህ ከደብረ ሲና የወጣሁት አብዮተኛ ሆኜ ነው።

ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ረፋዱ ላይ ደረሰ። የተሰጠኝ ቦታ ከኋላ ጎማው ላይ ነበር። ጣርማ በር ዳገት ላይ ሞተሩ ፈላና ሾፌሩ «እናንተ በእግራችሁ ቅደሙኝ» ብሎ አወረደን። የከፈልንበትን መንገድ በእግራችን ወጣነው። ጉሙ ከፊታችን ያለውን ሰው እንኳ አያሳይም። አንድ ጊዜ ይልማ በጻፈው ደብዳቤ «ዛሬ በላያችሁ ሳልፍ ጣርማ በርን ካርታዬ ላይ በእርሳስ አከበብኳት» ብሎ ነበር። እዚያች በእርሳስ የተከበበች ቦታ ላይ ቆሜ ጆንያ ተሸክሜ አለከለኩ።

መንገዱ በሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ተቀምጠን አውቶቡሱን ስንጠብቅ ከሐይቅ ከተማ የመጣች አንዲት ነጋዴ «ምን ሊያደርጉ ነው አባቴ አዲስ አበባ?» አለችኝ። የልጄ መታሰቢያ ነው አልኳት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። ከነጠላዋ ጫፍ ዳቦ ፈታችና ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ። በጉዞዬ ሁሉ አባትነቴን ማስረጃ ሳይጠይቅ የተቀበለኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

አዲስ አበባ መግቢያ ላይ ያለው የኬላ ወታደር እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ቆሎዬ ውስጥ ከተተ። ጠመንጃ አላገኘም። ከዚያ ፍተሻውን በአፉ ቀጠለ። ሦስት እፍኝ ከፈተሸ በኋላ «ጥሩ ነው፣ ይለፉ» አለኝ፤ ቆሎውን ይሁን ወረቀቱን ማለቱ አልገባኝም።

ከአውቶቡስ ተራ ወደ አፍንጮ በር የሄድኩት ውይይት በሚሏት ታክሲ ነው። ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ስለሚቀመጥ በቀበሌው የውይይት ክበብ ስም ጠሯት አሉኝ። እኔ እስክወርድ ድረስ ግን አንድም ሰው አልተወያየም። እኛ አገር እንዲህ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ዘር ቆጥሮ ሳይዛመድ አይወርድም። ረዳቱ ብቻ «ፋዘር፣ ጠጋ ይበሉ! ፋዘር፣ ጆንያዎን ወዲህ!» ይላል። በፒያሳ ሽማግሌ ሁሉ ፋዘር ነው፤ አባት ማለታቸው ነው። ያልወለድኳቸው ሁሉ በየሄድኩበት አባት ሲሉኝ ሰነበቱ።

የደጀኔ ቤት ሁለት ክፍል ናት። ባለቤቱ ሙላቷ የዘመድ አቀባበል ታውቃለች፤ ገና ከበሩ ጆንያውን ነጥቃኝ፣ ውሃ አሙቃ እግሬን አሳጥባኝ፣ ሽሮ አቀረበችልኝ። «ጋሽ ወልዴ፣ ስኳር ብናገኝ ሻይ ላፈላልዎት ነበር፣ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ ነው» አለችኝ እያፈረች። አንድ ልጃቸው ኤፍሬም አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ በሩን ያክላል። አልጋውን ለእኔ ለቆ እሱ መሬት ላይ አነጠፈ። አልጋው ከእሱ በፊት የይልማ ነበር። የራስጌው እንጨት ላይ በምላጭ የተቀረጸ አውሮፕላን አለ፣ አንዱ ክንፍ ከሌላው ይረዝማል። እጄን አሳርፌበት ተኛሁ።

ሐሙስ

ደጀኔ ፒያሳን ሊያሳየኝ ይዞኝ ወጣ። መጀመሪያ ቡና ቤት ገባን። እዚያ ሰው ማኪያቶውን ባንኮኒው ላይ ቆሞ ነው የሚጠጣው። እኛ አገር ቆሞ የሚጠጣ ከብት ብቻ ነው ብዬ ደጀኔን ብነግረው «ዝም በል፣ ፋራ ይሉሃል» አለኝ። ስኳር ጠየቅሁ። ቀጂው ብርጭቆውን እየወለወለ «ስኳሩ ዘምቷል ፋዘር» አለኝ። አጠገቤ ያለው ጎረምሳ ደግሞ «ከተመለሰ ሜዳይ ይሸለማል» ብሎ ጨመረበት። ለዚህ ቀልድ እኛ አገር ሰው ሦስት ቀን ይጠየቅበታል። እዚያ ግን ሁሉም ወደ በሩ አየት አድርጎ ሳቀና ወደ ማኪያቶው ተመለሰ።

የደጀኔ ሱቅ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው የሚቆምባት ናት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሰዓት ይናገራሉ። የቆምኩት እኔ ነበርኩና እንደቆምኩ የመጣሁበትን ጉዳይ አነሣሁ። «ደጀኔ፣ ድንጋዩ ላይ የኔ ስም እንዲገባ አስካለ ልካኛለች።» ወዲያው ደጀኔ አንድ ዓይና ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰካና የአንድ ሰዓት ሆድ ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይቼ ደገምኩለት። «ቆይ፣ ይቺ ሽቦ ታመልጠኛለች» አለ። ሦስተኛ ስጠይቀው ሌላ ሰዓት ከፈተ። አብረን ከብት ስንጠብቅ ያደግን ሰዎች ነን፣ ሲዋሽም ሲፈራም አውቀዋለሁ። ያን ቀን ፈርቶ ነበር፤ ምን እንደፈራ ግን አላወቅሁም።

ተናድጄ ብቻዬን ወደ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ተሳልሜ ስመለስ ቀበሌው በር ላይ የበር ስፋት ያለው ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ። ሪዛም ጎልማሳ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ደመናውን በቁጣ ያያል። ከሥሩ «ጀግናው አብራሪ መቶ አለቃ ይልማ ደጀኔ» ይላል። ሠዓሊው መሰላል ላይ ሆኖ ሪዙን እያጠቆረ ነበር።

«ልጁ እኮ ሪዝ አልነበረውም» አልኩት።

«አውቃለሁ ፋዘር፣ ፎቶውን ሰጥተውኛል። ጓድ ሊቀመንበሩ ናቸው ጀግና ያለ ሪዝ አይሆንም ያሉኝ።»

«አብራሪም አልነበረም። ካርታ ነበር የሚያነበው።»

«እሱንም መጀመሪያ ካርታ አስይዤው ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ አስመሰልከው ብለው አስፋቁኝ።» ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረና ከላይ ወደ ታች አየኝ። «እርስዎ ያውቁታል እንዴ?»

ሪዙን አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አየሁትና ወደ ቤት ሄድኩ።

ዓርብ

ማልጄ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የቢሮ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም፣ መደርደሪያውን ሳይ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ጸሐፊዋ ትሁት ሴት ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ፣ ፋይሉን አወጣችልኝ። የይልማ ትምህርት ቤት ወረቀት፣ የአየር ኃይል ወረቀት፣ ሁሉም «ይልማ ደጀኔ» ይላል። «የአባት ስም ለማረም» አለችኝ፣ «በመዝገቡ ላይ አባት የሆነው ሰው እኔ አባቱ አይደለሁም ብሎ መፈረም አለበት። ጋሽ ደጀኔ ከፈረሙ ዛሬውኑ እናርማለን፣ ድንጋዩም ገና ግድግዳው ላይ አልወጣም።» ቅጹን ሰጠችኝ። ይህን ቅጽ የመሰለ ስንቱን ሰው አስሞልቻለሁ፤ ስንቱንም «ማስረጃህን ይዘህ ተመለስ» ብዬ አሰናብቻለሁ። እግዚአብሔር የሚቀጣበት መንገድ ብዙ ነው።

ልወጣ ስል ሊቀመንበሩ ከውስጥ ጠራኝ። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ቀበቶው ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ነው። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባቱ እርስዎ መሆንዎን ዛሬ አይደለም የሰማሁት፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጥቶብኛል። የኤፍሬም ስም ከላይኛው ረድፍ ነበር። ይህ ቤት አንድ ልጅ ሰጥቷል፣ ሁለተኛ አልወስድም ብዬ ሰረዝኩት። ነገ የበላይ አካል ቢጠይቀኝ የማሳየው ያንን ድንጋይ ነው። እርስዎ አባት ሆነው ከተጻፉ ግን የጋሽ ደጀኔ ቤት ምንም አልሰጠም።» ወረቀት አገላበጠ። «እኔ አልከለክልዎትም። ቅጹን ካመጡ አትማለሁ።»

የቀበሌ ሊቀመንበር ሲያስፈራራኝ መቋቋም እችላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ይህኛው ግን የሚያደርገው ደግ ሥራ ነበር፣ ለደግነቱም የእኔ ስም መቅረት ነበረበት። የምሰድበው ሰው አጥቼ ወጣሁ።

ምሳ ላይ ቅጹን አጣጥፌ በኪሴ ይዤ ተቀመጥኩ። ደጀኔ ገና ሳያየው አወቀው። ሽሮውን ሁለት ጊዜ ጎረሰና እጁን ታጠበ።

«ነገሩህ» አለኝ።

«ነገሩኝ። ለምን አንተ አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ልጅህን ቀብሬ ስምህንም ልቅበር ብዬ?» ከደረት ኪሱ ብዕሩን አወጣ። «አምጣው። ልጁ ያንተ ነው። እኔ አሳደግሁት እንጂ አልወለድኩትም። እፈርማለሁ።»

ሙላቷ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ አስቀምጣው ወደ ውጭ ወጣች። ኤፍሬም የሚነጋገሩት ስለ እሱ መሆኑን ያወቀ አይመስልም፣ ያመጣሁትን ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። አበላሉ ይልማን ይመስላል፣ እሱም እንዲህ አንድ አንድ እያነሣ ነበር የሚበላው። የአክስትና የአጎት ልጆች አይደሉ፣ ምን ይገርማል።

ደጀኔ ቅጹን ዘርግቶ ብዕሩን አሳረፈ። ሰዓት እንደሚከፍት ሰው አቀርቅሮ የፊርማውን መስመር ፈለገ። ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩና አየሁት። ቀለሙ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

«ቀለሙ አልቋል» አልኩት። «ተወው።»

ቅጹን አጣጥፎ መለሰልኝ። «አስካለን ምን ትላታለህ?» አለ።

«እሱን ለእኔ ተወው» አልኩት።

ከቤት ወጥቼ ቢያንስ ድንጋዩን ልየው ብዬ ከአትክልት ተራ በላይ ወዳለው ድንጋይ ጠራቢ ሄድኩ። ጋሽ ቢያድግልኝ ይባላል፣ ሙያውን ከጣሊያን የተማረ፣ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት የነጣ ሽማግሌ ነው። «ድሮ መስቀል ስቀርጽ ኖርኩ፣ አሁን ኮከብ ነው፤ ሥራ ግን አልጎደለም፣ ሰው መሞቱን አልተወም» አለኝ። የይልማ ድንጋይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ነጭ ነው፣ ፊደሉ የጠራ ነው፣ ውሸቱም ሳይቀር አምሮ ተቀርጿል። ያመጣሁለትን የተረፈ ቆሎ አቀረብኩለትና ተቀመጥኩ። ቆሎ እየበሉ ዝም ማለት አይቻልም፤ ሁሉንም ነገርኩት።

ጨርሶ ሰማኝና እጁን አራግፎ ተነሣ። «ፋዘር፣ ድንጋይ ሁለት ፊት አለው። ቀበሌው የተዋዋለኝ ለአንዱ ነው» አለ። ድንጋዩን በጆንያ ላይ በፊቱ አስተኛውና መሮውን አነሣ። «ምን ልጻፍ?»

ሠላሳ ዓመት ጠያቂው እኔ ነበርኩ፣ አሁን መላሽ ሆንኩ። ሦስት መስመር አስጻፍኩት። ይልማ ወልደጻድቅ። እናቱ አስካለ። ካርታ ያነብ ነበር።

ዋጋውን ብጠይቀው ቆሎው እንደሚበቃው ነገረኝ።

ቅዳሜ

ድንጋዩ ወደ አዳራሹ የመጣው በአትክልት ተራ ጋሪ ነው፣ ሌላ መኪና ስላልተገኘ። ጋሪ ገፊዎቹ ጥቅል ጎመንም ጭነው ነበርና የጀግናው ፊደሎች መሃል ቅጠል ተሰክቶ ደረሰ። ግንበኛው ስሚንቶ ሲያቦካ እኔ ልርዳ ብዬ ድንጋዩን ያዝኩ። እኛ አገር ጡረተኛ ጸሐፊ ድንጋይ ቢሸከም ጉድ ይባላል፣ እዚያ ግን ማንም አላየኝም።

ግንበኛው ጀርባውን ሲያይ እጁ ቆመ። አነበበው። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ጠራቢው ነግሮት ይሁን በራሱ ገብቶት አላውቅም። «ይቺ ጽሑፍ ጥሩ ነች፣ ስሚንቶ ትይዛለች» አለ ብቻ። እስኪያቦካ ድረስ ጣቴን ፊደሎቹ ውስጥ ከትቼ ከ«ይ» እስከ መጨረሻው ነጥብ አንድ ጊዜ ሄድኩበት። ከዚያ ግንበኛው ማንኪያውን ስሚንቶ ሞልቶ ጣለበትና ግድግዳው ላይ አስጠጋው። የልጄን ቀብር ያየሁት ያን ቀን ነው። አለቀስኩ፣ ግንበኛውም ስሚንቶ ዓይንዎ ገባ እንዴ ብሎ ጎረቤት ሰው እንዲሰማ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ።

እሑድ

በዓሉ ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። የእኔ ቦታ አራተኛው ረድፍ ነው፣ «የገጠር እንግዶች» የሚል ወረቀት ወንበሩ ላይ ተለጥፏል። የገጠር እንግዶች እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሦስት ወንበር ተሰጠኝ። ደጀኔ ከፊት ረድፍ፣ በአዲስ ካፖርት፣ ደረቱ ላይ ቀይ አበባ ተሰክቶለት ተቀምጧል። ከሩቅ ሳየው ሊፈረድበት የቀረበ ሰው ይመስል ነበር፣ እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ።

የሕሊና ጸሎት ተደረገ። ከአንድ ደቂቃ በታች ነበር፣ ሊቀመንበሩ ሰዓቱን እያየ አሳጠረው። ንግግሩን ግን አላሳጠረም። አርባ ደቂቃ ስለ ዓለም ጭቁን ሕዝቦች ተናግሮ ወደ ይልማ ሲደርስ «አውሮፕላኑን ብቻውን እየነዳ» አለ። አብሮት የሞተውን አብራሪ እዚያው ገደለው። ያንንም ልጅ የወለደ ሰው አንድ ቦታ እንዳለ አሰብኩና አዘንኩለት።

ከዚያ ድንጋዩን ሊገልጥ ቀይ ጨርቁን ሳበ። ጨርቁ ጠርዙ ላይ ተይዞ እምቢ አለ። በኃይል ሲስበው ድንጋዩ ከግድግዳው ተንቀሳቀሰ። ስሚንቶው ገና አልደረቀም ነበር። ከወደቀ በፊቱ ነው የሚወድቀው፣ ስሚንቶው ይረግፍና ጀርባው ለመላው ቀበሌ ይነበባል፣ ኤፍሬም ደግሞ ከፊቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያዛጋል። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም። ግንበኛው ከየት እንደመጣ ሳላይ ዘሎ በሁለት እጁ ድንጋዩን ደገፈና «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ልግለጠው፣ እርስዎ ያጨብጭቡ» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ግንበኛው እስከ በዓሉ ፍጻሜ ድንጋዩን ደግፎ ቆመ፤ ጋዜጠኛ ቢኖር የክብር ዘብ ብሎ ይጽፈው ነበር።

«የሰማዕቱ አባት፣ ጋሽ ደጀኔ!» ተብሎ ተጠራ። ደጀኔ ተነሣ። ይናገራል ብለን ጠበቅን። ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እዚያ የተገኘሁት ልታዘበው ነበር፣ አልሆነልኝም። ሰባት ዓመቱ ላይ የሰጠሁትን ልጅ ያበላ፣ ያስታመመ፣ ደብተር የገዛ እሱ ነው። የእኔ ልጅ ሆኖ ሰባት ዓመት፣ የእሱ ልጅ ሆኖ ከዚያ በላይ ኖሯል። ይህን እስከዚያች ቀን ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

መውጫው ላይ ጸሐፊዋ የእንግዶች መዝገብ ዘርግታ ስም ትጽፋለች። ተራዬ ደረሰ። «ስም?» አለችኝ፣ ነገርኳት። «የአባት ስም?» ነገርኳት። «ከሰማዕቱ ጋር ያለዎት ዝምድና?» ብላ ቀና ስትል አወቀችኝና ብዕሯ ቆመ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር።

«የአገሩ ሰው» አልኳት። ቀስ ብላ ጻፈችው።

ሰኞ

ሙላቷ ስንቅ ስታስር ሌሊቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል። ዳቦው፣ ጭኮው፣ ከየት እንዳገኘችው የማላውቀው አንድ ጥቅል ስኳር ሁሉ ተጭኖልኝ፣ ይዤው ከመጣሁት ጆንያ የባሰ ከበደኝ። «ጋሽ ወልዴ» አለችኝና ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሣኋት። ኤፍሬም እስከ አውቶቡስ ተራ ተሸክሞልኝ መጣ። «በሚመጣው ዓመት ደብረ ሲና መጥቼ አክስቴን አያታለሁ» አለኝ። ና አልኩት። በሚመጣው ዓመት የት እንደሚሆን የሚያውቅ የፒያሳ ልጅ ያን ሰሞን ጥቂት ነበር።

የመልሱ ጉዞ ያለ እንከን ሄደ፣ ስለዚህ የምጽፈው የለኝም። ኬላው ላይ ያው ወታደር ነበር፣ ጆንያዬን ዳስሶ ቆሎ እንዳለቀ ሲያውቅ ፊቱን አዞረብኝ።

አስካለ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። እስክቀመጥ እንኳ አልታገሠችኝም።

«ስምህ ገባ?»

«ገባ።»

«ከልጁ ስም ጎን?»

«ከጎኑ። ያንቺም አለ።»

ፊቷ በራ። ከዚያ ድምፄ ውስጥ የሆነ ነገር ሰማች መሰለኝ፣ አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት። «በየት በኩል ነው ያለው?» አለችኝ።

«በግድግዳው በኩል» አልኳትና የኤፍሬምን ነገር፣ የብዕሩን ነገር፣ የጠራቢውን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ «ኤፍሬም ቤቱ ነው?» አለች። ቤቱ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ወረቀት አመጣችና «እንደተጻፈው አድርገህ ጻፍልኝ» አለችኝ።

ጻፍኩላት። ጣቷን ከሥሩ እየጎተተች፣ ፊደል በፊደል፣ ድምፅ እያወጣች አነበበችው። የአባቱ ስም ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሄደች። ያኔ ቀና ብላ ሳትቆጣ፣ «ለደጀኔ በላክኸው በዚያ የፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ይህችን ስም ብትጽፍ ኖሮ ድንጋይ ባልተገለበጠ» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል ስመዘግብ እንዲህ ያለ ፍርድ አልመዘገብኩም። ወረቀቷን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት። ደብተሩ ላይ በትክክል ልገለብጣት ብዬ ሁለት ጊዜ ብጠይቃት አልሰጠችኝም።